ካርዱን የሚመርጠው የባለቤትዎ ስኳር ነው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ፖስታ ቤት፣ ደብዳቤና ጥቅል የሚለይበት ክፍል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ 21 ዓመት ሆኖኛል። በመጪው ማርች 65 ዓመት ይሞላኛል። እግዜር ካለ በሜይ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። ባለቤቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ትንሹ ልጃችን 24 ዓመቱ ነው፤ ኦሃዮ ይማራል። የኢንሹራንስ መቀየሪያው ጊዜ ደርሶ ጭንቅላቴ ዞሯል። ሥራ ቦታ ግማሹ “ከብሉ ክሮስ ወዲያ ላሳር” ይላል። ግማሹ “ካይዘር ርካሽ ነው፣ ምን አደከመህ” ይላል። አብሮኝ የሚሠራ የአገሬ ልጅ ደግሞ “ሜዲኬር ፓርት ቢ ገንዘብ ማባከን ነው፤ እኔ አልወስድም፤ ማንም አያስገድድህም” ብሎኛል። ሌላው “ጡረታ ስትወጣ ለሚስት ተብሎ የሚቆረጠውን እንዳትፈርም” አለኝ። እኔ ደግሞ ከጡረታ በኋላ የዚህን አገር ብርድ እየሸሸሁ ጥቂት ወር አዲስ አበባ ማሳለፍ አስባለሁ። አማቴም አብረውን ይኖራሉ፤ እሳቸውንስ ማስገባት ይቻላል? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ቀኑ። ዘንድሮ ኦፕን ሲዝን፣ ያ የመቀየሪያው ጊዜ፣ ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 8 ቀን 2025 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 1 እስከ ኅዳር 29 መሆኑ ነው። ጊዜ አለዎት፤ የሚያስተኛ ጊዜ ግን አይደለም። ምንም ሳይነኩ ቢያሳልፉት አሁን ያለዎት ፕላን ይቀጥላል። ሰው ሁሉ “ያው ነው” ብሎ የሚተወውም ለዚህ ነው። ያው ግን አይደለም። ፕላኑ ስሙን ሳይቀይር ዋጋውን፣ የመድኃኒት ዝርዝሩንና የሐኪሞቹን ኔትወርክ (አብረውት የሚሠሩትን ሐኪሞች ዝርዝር) በየዓመቱ ሊቀይር ይችላል።

ከፓርት ቢ ልጀምር፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ስለሆነ። ሜዲኬር በዋናነት 65 ለሞላው ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው፤ ፓርት ኤ የሆስፒታሉ ክፍል ነው፣ ፓርት ቢ የሐኪሙ። የሥራ ባልደረባዎ አልዋሸዎትም። የነገረዎት ግን የራሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የፖስታ ሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ ከሌላው የፌዴራል ሠራተኛ ጋር አንድ ላይ ነበር። በኤፕሪል 2022 የፖስታ ቤት ማሻሻያ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለፖስታ ሠራተኞችና ጡረተኞች ብቻ የሚሆን ፒኤስኤችቢ የሚባል ፕሮግራም ተቋቋመ። የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የሰው ኃይል መሥሪያ ቤት ኦፒኤም ነው። ሕጉ አንድ አዲስ ግዴታም ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ጡረታ የሚወጣ የፖስታ ሠራተኛ፣ ሜዲኬር ፓርት ኤ የሚገባው ከሆነ፣ ኢንሹራንሱን ይዞ ለመቀጠል ፓርት ቢንም መውሰድ አለበት። ካልወሰደ ፒኤስኤችቢ ይቀርበታል።

ከግዴታው ነፃ የሆኑ አሉ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 አስቀድሞ ጡረታ ወጥቶ የነበረና ፓርት ቢ ያልነበረው ሰው ነፃ ነው። በዚያ ቀን ገና በሥራ ላይ ሆኖ 64 ዓመት የሞላው ወይም ያለፈው ሰውም ነፃ ነው። ከዩናይትድ ስቴትስ ውጭ የሚኖር፣ በቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት የተመዘገበና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጤና አገልግሎት የሚገባውም እንደዚሁ። ባልደረባዎ በ1960 የተወለደ ከሆነ ሕጉ አይነካውም ማለት ነው። እርስዎ የተወለዱት በማርች 1961 ነው፤ በዚያ ቀን 63 ዓመትዎ ነበር። ሁለታችሁም እዚያው ማሽን ፊት ቆማችሁ ትሠራላችሁ፤ በጥቂት ወራት ልዩነት ግን እሱ መምረጥ ይችላል፣ እርስዎ አይችሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በሱዳን በኩል ከመጣነው መካከል ስንቶቻችን ነን ልደታችን በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የሆነው? ሕጉ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ እናታችን የምታስታውሰውን የማርያም ዕለት አይደለም። በወረቀት ጃንዋሪ 1 ቀን 1961 ተወልዶ በሥራ ላይ የነበረ ሰው በዚያች ዕለት 64 ሞልቶታል፤ ነፃ ነው። ይህን የምታነቡ የዚያ ዘመን ሰዎች መዝገባችሁን አውጥታችሁ እዩ።

ነፃ መሆን ግን መውሰድ የለብህም ማለት አይደለም። ባልደረባዎ ዛሬ ትቶት ከጡረታ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር፣ ባዘገየው በየሙሉ 12 ወሩ ወርሃዊ ክፍያው ላይ 10 በመቶ ይጨመርበታል። ቅጣቱ በአብዛኛው እስከ ዕድሜ ልክ ነው። ይህንንም ንገሩት።

አሁን የእርስዎ ሥራ። ማርች ላይ 65 ሲሞላዎት ፓርት ኤን ይውሰዱ። ለ21 ዓመት ግብሩን ከፍለውበታል፤ ወርሃዊ ክፍያ የለበትም። ፓርት ቢን ግን ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ መውሰድ አይጠበቅብዎትም። እስከ ሜይ መጨረሻ ቀዳሚው ከፋይ የሥራ ቦታዎ ኢንሹራንስ ነው። በሜይ ወር ውስጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢያመለክቱ ፓርት ቢ ከጁን 1 ይጀምራል፤ ጡረታዎም ከዚያው ቀን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በሜይ መጀመሪያ ይጨርሱት። ቅጹ ሲኤምኤስ 40ቢ ይባላል። ምናልባት ሐሳብዎን ቀይረው ጡረታውን ወደ መኸር ካራዘሙት ደግሞ ሥራ ላይ እንደነበሩ የሚያረጋግጥ ሌላ ቅጽ፣ ሲኤምኤስ ኤል564፣ በመሥሪያ ቤትዎ ማስሞላት ይኖርብዎታል። ሥራ ካቆሙ በኋላ ያለ ቅጣት መመዝገቢያው 8 ወር ነው። ያንን 8 ወር ግን ለመዝናኛ አይቁጠሩት። ለፒኤስኤችቢ ሲባል ፓርት ቢው ከጡረታው እኩል እንዲጀምር ነው የሚፈለገው።

ዋጋው በ2026 መደበኛው በወር 202.90 ዶላር ነው። ገቢው ከፍ ያለ ሰው ይጨምርበታል። ከጁን እስከ ዲሴምበር ለእርስዎ 1,420 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያንገበግባል፤ አልክድም። ነገር ግን ከጁን በኋላ ቀዳሚው ከፋይ ሜዲኬር ይሆናል፣ ፒኤስኤችቢ ሁለተኛ። ብዙዎቹ አገር አቀፍ ፕላኖች ኤ እና ቢ ላለው ሰው የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ዲዳክቲብል (ፕላኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውን) እና ኮፔይ (በየሕክምናው የሚከፈለውን ድርሻ) ይተዉለታል። ከፓርት ቢ ክፍያው የተወሰነውን የሚመልሱም አሉ። የትኛው ምን እንደሚያደርግ በፕላኑ መጽሔት (ብሮሹር) ክፍል 9 ላይ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። መጽሔቱ ወፍራም ነው፤ ሁሉንም ማንበብ የለብዎትም። ክፍል 2 ዘንድሮ ምን እንደተቀየረ ይነግርዎታል። ክፍል 5 የሚሸፈነውን፣ ክፍል 9 ሜዲኬርን። ሦስቱን ካነበቡ ከመሥሪያ ቤትዎ ሰው ሁሉ የበለጠ ያውቃሉ።

ወደ ካርዱ ምርጫ ልምጣ። እስካሁን ያልኩት የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ከጁን በኋላ የእርስዎን ሕክምና አብዛኛውን ሜዲኬር ይሸከመዋል። ባለቤትዎ ግን 61 ዓመታቸው ነው። ለአራት ዓመት ሜዲኬር የላቸውም። ፒኤስኤችቢ ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ብሉ ክሮስ ይሁን ካይዘር የሚለውን በራስዎ ጤና አይመዝኑት። በእሳቸው ስኳር ይመዝኑት። ጓደኞችዎ የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ጉልበትና ስለ ራሳቸው ደም ግፊት ነው። የእነሱ ካርድ ለእነሱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤትዎን ግን አያውቋቸውም።

እንዲህ ያድርጉ። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ባለቤትዎ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያውጡ፤ ኢንሱሊኑን በሙሉ ስሙ፣ ክኒኑን፣ የስኳር መለኪያውን፣ መርፌውን። በእስክሪብቶ ይጻፏቸው። ከዚያ በየፕላኑ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ በስንተኛ የዋጋ ደረጃ እንደተቀመጠ ይፈልጉ። ኢንሱሊን በጠቅላላ ስሙ “ይሸፈናል” ቢሉዎት አይመኑ። አንዱ ፕላን አንዱን የኢንሱሊን ዓይነት በዝቅተኛ ዋጋ ይዞ የሌላውን ኩባንያ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል።

ቀጥሎ የሐኪማቸው ቢሮ ይደውሉ። “ብሉ ክሮስ ትቀበላላችሁ?” ብለው አይጠይቁ። ሁሉም አዎ ይላል። የፕላኑን ሙሉ ስም ይዘው “ለ2026 በዚህ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ ናችሁ?” ይበሉ። ስታንዳርድ፣ ቤዚክና ፎከስ የሚባሉት የብሉ ክሮስ ፕላኖች አንድ ዓይነት ካርድ አይደሉም። ያናገረችዎትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ።

ካይዘርን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ላይ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ሐኪሙ፣ ላቦራቶሪውና ፋርማሲው በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ስኳር ላለበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አሠራሩ በራሱ ሐኪሞች ብቻ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ ካይዘር የለም። ልጅዎ እዚያ ጉንፋን ቢጠናበት ወይም የቆዳ ሐኪም ቢያስፈልገው፣ ድንገተኛ ወይም አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ብዙም አይረዳውም። 26 ዓመት እስኪሞላው በእርስዎ ኢንሹራንስ ሥር ስለሆነ ይህም ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ለእናንተ ቤት፣ ለሚቀጥለው አንድ ዓመት፣ እኔ አገር አቀፍ ኔትወርክ ያለው ፕላን አስቀድማለሁ። የግድ ብሉ ክሮስ መሆን የለበትም። የሠራተኛ ማኅበራቱን ፕላኖችም ይዩ፤ የደብዳቤ አዳዮቹን ማኅበር ፕላንና የአሜሪካ የፖስታ ሠራተኞች ማኅበርን፣ የኤፒደብሊውዩን። የፖስታ ሰው ካልሆነ ብዙ ሰው ስማቸውን አያውቅም፤ ጥሩ ሆነው ሳለ ይረሳሉ። አንዳንዶቹ አነስተኛ የአባልነት መዋጮ ይጠይቃሉ፤ ያንንም ደምሩት።

የዋጋው ነገር ላይ ሰው የሚሳሳተው ሒሳቡን በየሁለት ሳምንቱ ስለሚያስብ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ። ለምሳሌ እኔ ራሴ ባወጣኋቸው ቁጥሮች እንሂድ። ርካሹ ፕላን በየሁለት ሳምንቱ 70 ዶላር ያስቀርልዎታል እንበል። በ26 ሲባዛ 1,820 ዶላር ነው፤ ጥሩ ገንዘብ። ግን በዚያው ፕላን ኢንሱሊኑ በወር 60 ዶላር ቢወደድ፣ 720። የስኳር መለኪያው በወር 50 ቢወደድ፣ 600። ዲዳክቲብሉ በ500 ቢበልጥ። ስፔሻሊስት ጋ በዓመት አራቴ ሲሄዱ በየጊዜው 30 ቢጨምሩ፣ 120። ድምሩ 1,940 ሆነ። የቆጠባችሁት ሁሉ ሄዶ 120 ከኪስ ወጣ ማለት ነው። እርስዎ እውነተኛዎቹን ቁጥሮች አስገብተው ይሥሩት። በዚያው ወረቀት ግርጌ ላይ ፕላኑ በዓመት ከኪስዎ ሊያስወጣዎ የሚችለውን ጣሪያ ይጻፉ። እግዜር አያምጣውና ሆስፒታል መተኛት ቢመጣ ዓይንዎ የሚያርፈው እዚያ ቁጥር ላይ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ክፍያው ከወር ጡረታዎ ላይ 12 ጊዜ እንጂ 26 ጊዜ አይቆረጥም። ስለዚህ ወርሃዊው ቁጥር በልጦ ሲያዩ አይደንግጡ። ሠራተኛ ሳሉ ግን ከግብር በፊት ነበር የሚቆረጠው፤ ለጡረተኛ ያ ጥቅም የለም።

አንዱን ነገር ደመቅ አድርገው ያስምሩበት። እርስዎ ጡረታ ወጥተው ኤ እና ቢ ሲኖርዎት፣ ፕላንዎ በራሱ የሜዲኬር ፓርት ዲ መድኃኒት ሽፋን ውስጥ ያስገባዎታል። ደብዳቤ ይመጣል። “አልፈልግም” ብለው ቢመልሱ ከፒኤስኤችቢ የመድኃኒት ሽፋን ጭራሽ አይኖርዎትም፤ ወርሃዊ ክፍያዎም አይቀንስም። በዚያ ላይ ፓርት ዲ በ2026 ለሚሸፈኑ መድኃኒቶች ከኪስ የሚወጣውን 2,100 ዶላር ላይ ያቆመዋል። ምን አስቸገረዎ? ይተዉት፣ ይቀጥል።

አደጋው ከሌላ ወገን ነው የሚመጣው። የሜዲኬር የራሱ መቀየሪያ ጊዜ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ ከእናንተው ጋር ይደራረባል። በዚህ ሰሞን ስልክ አያርፍም። “ነፃ ጥርስ፣ ነፃ መነጽር፣ የአስቤዛ ካርድ” እያሉ አድቫንቴጅ ፕላን፣ ማለትም ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ፕላን፣ የሚሸጡ አሉ። በአማርኛ የሚደውሉም አሉ፤ ደግሞ ትሑት ናቸው፣ “አባቴ” ነው የሚሉት። አሁን ጥሪው ለእርስዎ አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት መኸር ግን ይደርስዎታል። መድኃኒት የሚሸፍን የውጭ ፕላን ላይ አዎ ካሉ ከፒኤስኤችቢው ፓርት ዲ ያስወጣዎታል። በአንድ ጊዜ ሁለት ፓርት ዲ አይፈቀድም። አማርኛ ስለተናገረ ብቻ የሜዲኬር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ሜዲኬር እዚያ አይከፍልም። ፓርት ዲም ከአሜሪካ ውጭ ለተገዛ መድኃኒት አይከፍልም። የሚረዳዎት ፒኤስኤችቢው ነው። አገር አቀፍ ፕላኖቹ በአብዛኛው ውጭ አገር የተደረገ ሕክምና ይሸፍናሉ፤ እርስዎ እዚያ ከፍለው ደረሰኝ ይዘው መጥተው ይጠይቃሉ። ቤተዛታ ይተኙ ላንድማርክ፣ ሲወጡ “የተከፈለ” የሚል አንዲት ቁራጭ ደረሰኝ አይበቃም። ምርመራው፣ የእያንዳንዱ አገልግሎት ዋጋ፣ ቀኑና የሐኪሙ ስም በእንግሊዝኛ ተዘርዝሮ ማኅተም ያርፍበት። ከመሄድዎ በፊት የመድኃኒቱን የ90 ቀን መጠን ይውሰዱ፤ ለጉዞ ብለው አስቀድመው ከጠየቁ ፕላኑ ሊፈቅድ ይችላል። ኢንሱሊን የሚይዙት ባለቤትዎ ከሆኑ በእጅ ቦርሳ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ አይጨምሩ።

ደግሞ “ውጭ አገር የሚኖር ከፓርት ቢ ነፃ ነው” የሚለውን ሰምተው አይጓጉ። ያ ኑሮውን ጠቅልሎ ለሄደ፣ ይህንንም በማስረጃ ላሳየ ሰው ነው። ሦስት ወር ብርድ መሸሽ ኑሮ አይባልም።

ጓደኛዎ ስለ ጡረታው ፊርማ የነገረዎት ግን አበሳጭቶኛል። ጡረታ ሲወጡ ለባለቤትዎ የሚተላለፍ ጡረታ ይመርጣሉ። ሙሉው፣ የጡረታዎን 50 በመቶ የሚያወርሰው፣ ፌርስ በሚባለው የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የእርስዎን 10 በመቶ ይቀንሳል። ግማሹ፣ 25 በመቶ የሚያወርሰው፣ 5 በመቶ። ሁለቱንም ትተው እርስዎ ቢቀድሙ፣ ባለቤትዎ ጡረታውን ብቻ አይደለም የሚያጡት፤ የጤና ኢንሹራንሱንም ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰው ናቸው። ከሙሉው ያነሰ ለመምረጥ የእሳቸው ፊርማ በኖተሪ ፊት ያስፈልጋል፤ ሕጉ ይህን ያደረገው በምክንያት ነው። ቢያንስ 25 በመቶውን አይተዉ። ከተቻለ ሙሉውን።

እሳቸውም በተራቸው 65 ሲሞላቸው ፓርት ቢ ይወስዳሉ፤ ግዴታው ለቤተሰብም ነው። የራሳቸው የሥራ ዘመን ባይበቃም በእርስዎ መዝገብ ፓርት ኤን ያገኛሉ። ልጅዎ 26 ሲሞላው ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ከቤተሰብ ወደ “ራስና አንድ ሰው” ይቀይሩ። ሲቀይሩ ዋጋውን ያወዳድሩ፤ አንዳንድ ፕላን ላይ የሁለት ሰው ከቤተሰቡ ይወደዳልና።

አማትዎን ማስገባት አይቻልም። የሚገቡት የትዳር ጓደኛ፣ ከ26 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና ራሳቸውን መቻል የማይችሉ አካል ጉዳተኛ ልጆች ብቻ ናቸው። አብረው ቢኖሩም፣ በግብር ላይ ጥገኛ ብለው ቢያስመዘግቧቸውም አይሆንም። ለእሳቸው ሌላ መንገድ ለመፈለግ ስንት ዓመት በግሪን ካርድ እንደቆዩ ይጻፉልኝ።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለኝ። ላለፉት 5 ዓመታት ኢንሹራንሱ ሳይቋረጥ ነበረዎት? ጡረታ ላይ ይዞ ለመውጣት ይህ ግድ ነው። የድሮው ፕሮግራም ውስጥ የነበሩበትም ይቆጠራል። በመሀል በባለቤትዎ ሥራ ኢንሹራንስ ብለው ጥለውት ከነበረ፣ ፕላን ከመምረጥዎ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን ያነጋግሩ፤ የጡረታውን ቀን ራሱን ሊያስቀይርዎት ይችላል።

ምርጫውን በላይትብሉ፣ በፖስታ ሠራተኞች ድረ ገጽ፣ ገብተው ይጨርሱ፤ ማረጋገጫውን አትመው ያስቀምጡ። ጃንዋሪ ላይ የደመወዝ ወረቀቱ ሲመጣ የፕላኑን ስምና የተቆረጠውን ገንዘብ ካተሙት ወረቀት ጋር ያስተያዩ። ካልገጠመ በዚያው ሳምንት ይደውሉ።